በኮልቾ መንገድ የምትበራው ቢጫ መብራት

ከቱርሚ ወደ ኮልቾ የሚወስደውን መንገድ አስፋልት አልነካውም። ከቱርሚ የተነሳ መኪና ደረቅ የአሸዋ ወንዞችን እየተሻገረ፣ በግራርና በእሾሃማ ቁጥቋጦ መሀል እየተሹለከለከ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ከዚያ በኋላ ነው የኦሞ ወንዝ ታጥፎ ከሚያልፍበት ገደል አናት ላይ ከሰፈረችው የካሮ መንደር የሚደርሰው። ጎብኚው የሚመጣው ለወንዙ እይታና በነጭ አፈር ለተዋበው የካሮዎች ገላ ነው። የሾፌሩ ዓይን ግን ከመንገዱ ሲነሳ የሚያርፈው ክሩስኮቱ ላይ ነው። በመሀል መንገድ የሞተር ቅርጽ ያላት ቢጫ መብራት ብትበራ በአቅራቢያው ጋራዥ አይገኝም፤ ጂንካም ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ወደኋላ ቀርታለች። ያኔ የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ልቀጥል ወይስ ልመለስ?

መልሱን በአብዛኛው የምትሰጠው ራሷ መብራቷ ናት። ሳትርገበገብ ረግታ ከበራች፣ የመኪናው ጉልበት ካልቀነሰ፣ የሙቀት ጌጁ ካልወጣና ቀዩ የዘይት መብራት ካልበራ፣ ረጋ ብሎ መንዳትና ከተማ ሲገቡ ማስመርመር ይቻላል። ብልጭ ድርግም ማለት ከጀመረች ግን ነገሩ ሌላ ነው። በቤንዚን መኪና ይህ ምልክት የሚታየው ብዙውን ጊዜ ወደ ሲሊንደር የገባው ቤንዚን ሳይነድ ወደ ጭስ ማውጫው ሲወጣ ነው። ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ ጉልበቱ ይሞታል። ሳይነድ የወጣው ቤንዚን ጭሱን በሚያጸዳው ካታላይዘር ውስጥ ገብቶ እዚያ ይቃጠላል፤ ሙቀቱም የካታላይዘሩን ውስጠኛ ሴራሚክ እስከ ማቅለጥ ሊደርስ ይችላል። ያኔ እግርን ከነዳጅ መስጫው ማንሳት፣ እንደተቻለም መኪናውን ማቆም ያስፈልጋል። የሚቆምበት ቦታ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በበጋ ወራት በደቡብ ኦሞ ሜዳ በደረቀ ሣር ላይ የቆመ መኪና፣ የጋለው ካታላይዘሩ ሣሩን ነክቶ እሳት ሊያስነሳ ይችላል።

ብዙ ሰው ይህች መብራት ስትበራ ሞተሩ ሊነክስ ነው ብሎ ይደነግጣል። ሌላው ደግሞ መኪናው እስከሄደ ድረስ ምንም አይደለም ብሎ ዓመት ሙሉ አብርቶ ይነዳል። ሁለቱም የሚሳሳቱት መብራቷ ለምን እንደተሠራች ባለማወቅ ነው። ስሟ «ቼክ ኢንጂን» ይሁን እንጂ በሕግ የተሾመችው ከመኪናው የሚወጣውን ጭስ እንድትጠብቅ ነው።

ነገሩ የተጀመረው በሎስ አንጀለስ ነው። ከ1940ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከተማዋን ዓይን የሚያቃጥልና ጉሮሮ የሚከረክር ጭጋግ ይሸፍናት ነበር። ኔዘርላንድ የተወለደው ኬሚስት አሪ ሐገን ስሚት በ1950ዎቹ መጀመሪያ የጭጋጉን ምንጭ አሳየ፤ ከመኪና ጭስ የሚወጣው ያልነደደ ነዳጅና የናይትሮጂን ኦክሳይድ በፀሐይ ብርሃን ተለውጦ የሚፈጠር መርዝ ነበር። ካሊፎርኒያ በ1967 የአየር ሀብት ቦርዷን አቋቋመች፤ ከ1975 ሞዴል ጀምሮም ካታላይዘር የአሜሪካ መኪኖች መደበኛ አካል እየሆነ መጣ። ይሁንና ተቆጣጣሪዎቹ አንድ ነገር አስተዋሉ። ከፋብሪካ ንጹሕ ሆኖ የወጣው መኪና ከጥቂት ዓመታት በኋላ ባለቤቱ ሳያውቅ ቆሻሻ ይሆናል። ስለዚህ መኪናው ራሱን እንዲመረምር አዘዙ። የመጀመሪያው ትውልድ ሥርዓት በካሊፎርኒያ ከ1988 ሞዴል ጀምሮ ተግባራዊ ሆነ። ዛሬ የምናውቀው ሁለተኛው ትውልድ ደግሞ በአሜሪካ ከ1996 ሞዴል ጀምሮ፣ በአውሮፓ ከ2001 ጀምሮ በቤንዚን መኪኖች ላይ ግዴታ ሆነ፤ የአውሮፓ ናፍጣ መኪኖች ትንሽ ዘግይተው ተከተሉ።

ደንቡ መብራቷ መቼ መብራት እንዳለባት ሳይቀር ይናገራል። በአሜሪካው ሕግ መሠረት፣ ብልሽቱ የመኪናውን ልቀት ከተፈቀደለት መጠን ወደ አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ የሚያደርስ ከሆነ ሾፌሩ እንዲያውቀው ግድ ይላል። ብዙዎቹ ብልሽቶች ደግሞ አንዴ ታይተው አያስከስሱም። ኮምፒዩተሩ ጥፋቱን በአንድ ጉዞ ሲያይ በጥርጣሬ መዝግቦ ይይዘዋል፤ በሚቀጥለው ጉዞ ሲደገም መብራቷን ያበራል።

የሚጠበቀው ነገር ምንድን ነው? አንድ ኪሎ ቤንዚን በወጉ ለመንደድ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። በጭስ ማውጫው ላይ የተተከለው የኦክስጅን ሴንሰር ከቃጠሎ የተረፈውን ኦክስጅን ይለካል። በተለመደው ዓይነት ሴንሰር ቮልቴጁ በ0.1 እና በ0.9 መሀል ይወዛወዛል፤ ከፍ ሲል ቤንዚን በዝቷል፣ ዝቅ ሲል አየር በዝቷል ማለት ነው። ኮምፒዩተሩ ይህን እያየ በየቅጽበቱ የቤንዚኑን መጠን ያስተካክላል። የሚዛኑ ጥቅም ካታላይዘሩ ላይ ይታያል። ውስጡ በፕላቲኒየም፣ በፓላዲየምና በሮዲየም የተቀባው ይህ ዕቃ፣ ገዳዩን ካርቦን ሞኖክሳይድ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ያልነደደውን ቤንዚን ወደ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ የናይትሮጂን ኦክሳይዱን ወደ ተራ ናይትሮጂን የሚለውጠው ሚዛኑ ሲጠበቅለት ብቻ ነው። አየርና ነዳጁ ከተዛነፈ ውዱ ዕቃ ሥራ ይፈታል።

ብልሽት ሲገኝ ኮምፒዩተሩ ኮድ ይጽፋል፤ አንድ ፊደልና አራት አሃዝ። «ፒ» ከሞተርና ከካምቢዮ ወገን መሆኑን ይናገራል። ቀጥሎ የሚመጣው አሃዝ 0 ከሆነ ትርጉሙ በሁሉም መኪና አንድ ነው፤ 1 ከሆነ ደግሞ አምራቹ ለራሱ ያወጣው ኮድ ነው። የሚከተለው አሃዝ ክፍሉን ይጠቁማል። 1 እና 2 የአየርና የነዳጅ፣ 3 የካንዴላና የእሳት፣ 4 ደግሞ የጭስ መቆጣጠሪያዎች ናቸው። ስለዚህ ፒ0301 የተባለ ኮድ ያየ ሰው፣ የአንደኛው ሲሊንደር እሳት እየተቋረጠ እንደሆነ ያለ ማንም እርዳታ ሊገምት ይችላል።

ኮድ ግን ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። ያየውን ይናገራል፤ ጥፋተኛውን አይፈርድም። በኢትዮጵያ ጋራዦች ብዙ ገንዘብ የሚባክነው ይህ ልዩነት ሲዘነጋ ነው።

ፒ0171ን እንውሰድ። ትርጉሙ «ቤንዚኑ ከአየሩ አንሷል፤ ያለ ልክ እየጨመርኩ ነው፣ አሁንም አልበቃም» የሚል ነው። ኮዱ የተገኘው በኦክስጅን ሴንሰሩ አማካይነት ስለሆነ፣ ቸኩሎ የሚያነብ ሰው «ሴንሰሩ ተበላሽቷል» ይላል። ባለመኪናው አዲስ አበባ ወዳለው የመለዋወጫ ገበያ፣ ሶማሌ ተራ ድረስ ልኮ ያገለገለ ሴንሰር ያስመጣል፤ ይገጠማል፣ ኮዱ ይጠፋል፣ ከሦስት ቀን በኋላ ግን መብራቷ ተመልሳ ትበራለች። እውነቱን የተናገረው ሴንሰር ተባረረ፤ ጥፋቱ ግን እዚያው ሞተሩ ላይ ቀረ።

ከኦሞ ሸለቆ ተመልሶ ጂንካ የገባ ቤንዚን መኪና ይህን ኮድ ይዞ ቢመጣ፣ ዕውቀት ያለው መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ መጀመሪያ የሚያየው የአየር ፊልትሮውን ነው። የአካባቢው አቧራ እንደ ዱቄት የላመ ነው። የፊልትሮው ሳጥን ክሊፕ በደንብ ካልተያዘ ወይም ፊልትሮው ተነፍቶ ተነፍቶ ከተቀደደ፣ አቧራው በጎን ያልፍና ከፊልትሮው ጀርባ ባለው የአየር መለኪያ ላይ ይጋገራል። የዚህ መለኪያ ዋና አካል በኤሌክትሪክ የሚግል ቀጭን ሽቦ ነው። የሚያልፈው አየር ሽቦውን ያቀዘቅዘዋል፤ ሙቀቱን ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ ምን ያህል አየር እንደገባ ይናገራል። አቧራ የለበሰ ሽቦ እንደሚገባው አይቀዘቅዝም፤ ስለዚህ አሥር የገባውን ስምንት ብሎ ያሳውቃል። ኮምፒዩተሩም ለስምንት የሚሆን ቤንዚን ይሰጣል። ሽቦው በጨርቅ አይነካም፣ በጣትም አይጠረግም። ለዚሁ ተብሎ በተሠራ ስፕሬይ ተረጭቶ እስኪደርቅ መጠበቅ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የሚታየው ከመለኪያው እስከ ስሮትል ያለው የጎማ ቱቦ ነው። የእጥፋቶቹ ሥር በሙቀትና በንቅናቄ ይሰነጠቃል፤ ሞተሩ ጠፍቶ ሲያዩት ጤነኛ ይመስላል። በእጅ ታጥፎ ሲገለጥ ነው ስንጥቁ አፉን የሚከፍተው። በዚያ የሚገባ አየር ሳይለካ የገባ አየር ነው። እንደ ማጠቢያ ሰሌዳ የተሸነሸነው የጠጠር መንገድ ደግሞ የጭስ ማውጫውን ብረት ይሰነጥቃል። ስንጥቁ ከሴንሰሩ በፊት ከሆነ፣ በጭሱ ምት መሀል የውጭ አየር ይሳባል፤ ሴንሰሩም ሞተሩ ያልተጠቀመበት ኦክስጅን ያያል። ይህ ስንጥቅ የሚሰማው ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ነው፤ ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ይሰጣል። ብረቱ ሲሞቅ ተለጥጦ ይዘጋና ድምፁ ይጠፋል።

አሁን ስካነሩ ወደ ሥራ ይገባል፤ ለኮዱ ሳይሆን ለቁጥሮቹ። ኮምፒዩተሩ ከመደበኛው በላይ ስንት በመቶ ቤንዚን እየጨመረ እንደሆነ ስክሪኑ ላይ ይታያል። መኪናው ቆሞ በሚኒሞ ሲሠራ ጭማሪው 22 በመቶ ሆኖ፣ ሞተሩ ወደ 2,500 ዙር ሲወጣ ወደ 4 በመቶ ከወረደ፣ ጥፋቱ ያልተለካ አየር የሚያስገባ ቀዳዳ ነው። ምክንያቱም ቀዳዳው የሚያስገባው ጥቂት አየር ሞተሩ በትንሽ አየር በሚሠራበት ሰዓት ትልቅ ድርሻ ይይዛል፤ ስሮትሉ ተከፍቶ ብዙ አየር ሲገባ ግን ይዋጣል። ተገላቢጦሽ ሆኖ በሚኒሞ ደህና የነበረው ቁጥር ዙሩ ሲጨምር እየባሰ ከሄደ፣ የቤንዚን ፓምፑ ደክሟል፣ የነዳጅ ፊልትሮው ተዘግቷል ወይም የአየር መለኪያው ቆሽሿል። ይህ ሁሉ ምርመራ አንድም ዕቃ ሳይገዛ ያልቃል። ጎበዝ መካኒክ የሚከፈለው ለዚህ ሊሆን ይገባል። ደንበኛው ግን አሁንም «ምን ቀየርክልኝ?» ብሎ ይከራከራል፤ ምንም ያልቀየረና ችግሩን ያገኘ ሰው ዕቃ ከቀየረው ያነሰ ይከፈለዋል። ይህ ልማድ ቢቀየር የብዙ ሰው ኪስ ይድናል።

ሁለተኛው ዝነኛ ኮድ ፒ0420 ነው፤ ካታላይዘሩ የሚጠበቅበትን ያህል እየሠራ አይደለም ይላል። ኮምፒዩተሩ ይህን የሚያውቀው ከካታላይዘሩ በፊትና በኋላ የተተከሉትን ሁለት ሴንሰሮች በማነጻጸር ነው። የፊተኛው ይወዛወዛል፤ ካታላይዘሩ ጤነኛ ከሆነ ኦክስጅን እያከማቸና እየለቀቀ ስለሚያረጋጋው የኋለኛው ከሞላ ጎደል ቀጥ ብሎ ይቆማል። የኋለኛው የፊተኛውን እየተከተለ መወዛወዝ ሲጀምር ኮዱ ይጻፋል። እዚህም ላይ ከመፍረድ በፊት የሚጣሩ ነገሮች አሉ። የጭስ ማውጫ ስንጥቅ ይህንኑ ምልክት ሊያመጣ ይችላል፤ የደከመ ሴንሰርም እንዲሁ። ካታላይዘሩ በእርግጥ ከሞተ ደግሞ የገደለው ነገር መታወቅ አለበት። በአብዛኛው ወይ ለወራት ችላ የተባለ የእሳት መቋረጥ ነው፣ ወይ ከፒስተን ሾልኮ የሚነድ ዘይት ነው። ገዳዩ ሳይያዝ አዲስ ካታላይዘር ቢገባ ዕጣው ያው ነው።

ቀድሞ በቤንዚን ውስጥ የነበረው እርሳስም ካታላይዘር ገዳይ ነበር። ከሰሐራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን እስከ ጥር 2006 (እ.ኤ.አ.) አስወግደዋል፤ በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021 አቆመች። ስለዚህ ዛሬ በእርሳስ ማመካኘት አይቻልም። ዛሬ ካታላይዘሮችን ከኢትዮጵያ መንገዶች እያጠፋ ያለው መጋዝ ነው።

ካታላይዘር በውስጡ ባሉት ሦስት ውድ ማዕድናት ምክንያት ገዢ አለው። አንዳንድ ባለመኪና «ትንፋሽ አሳጥቶታል» ተብሎ ያስቆርጠዋል፤ አንዳንዱ ለመሸጥ፤ አንዳንዱም ሳያውቀው ጋራዥ ውስጥ ይነቀልበታል። በቦታው ባዶ ቧንቧ ይበየዳል። የኋለኛው ሴንሰር ይህን አይቶ መብራቷን ሲያበራ ደግሞ በሴንሰሩና በቧንቧው መሀል ትንሽ ብረት ገብታ ሴንሰሩ ከጭሱ ይርቃል፤ መብራቷም ዝም ትላለች። ይህ ጥገና አይደለም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ያ መኪና ካርቦን ሞኖክሳይዱንና ያልነደደ ቤንዚኑን እንዳለ ከኋላው ለሚሄደው ባጃጅ ተሳፋሪ፣ በመንገድ ዳር ለቆመው ተማሪ ያድላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 (እ.ኤ.አ.) ብቻ 4.2 ሚሊዮን ሰዎች በውጭ አየር ብክለት ምክንያት ያለዕድሜያቸው እንደሞቱ ገምቷል። የመኪና ጭስ ከምንጮቹ አንዱ ነው።

ወደ ኮልቾ ከሚወርዱት መኪኖች መካከል ግን ይህች መብራት ጨርሶ የማትመለከታቸው አሉ። ለጎብኚና ለእርዳታ ድርጅቶች ሥራ ሲያገለግል የኖረው ላንድክሩዘር ሃርድቶፕ በ1990 (እ.ኤ.አ.) ሥራ የጀመረውን 4.2 ሊትር ባለስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር የያዘ ነው። ፖምፓው በሜካኒካል መንገድ ይሠራል፤ የኦክስጅን ሴንሰርም የጭሱን ንጽሕና የሚከታተል ኮምፒዩተርም የለውም። በዚህ ዓይነቱ መኪና መመርመሪያው ዓይን ነው። ጥቁር ጭስ ናፍጣ በዝቷል ወይም አየር አንሷል ይላል፤ ሰማያዊ ጭስ ዘይት እየነደደ ነው፤ ሞተሩ ሞቆም የማይጠፋ ነጭ ጭስ ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ወይም ናፍጣው ሳይነድ እየወጣ መሆኑን ያመለክታል። ሾፌሮች ሃርድቶፕን የሚወዱት ለዚህ ነው፤ በረሃ ላይ በመፍቻ ይጠገናል። ዋጋውን ግን የሚከፍለው አየሩ ነው።

የሽቅብና የቁልቁል ነገርም እዚህ ላይ ይመጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት እዚያ 76 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው። ከ500 ሜትር በታች ባለው የኦሞ ሸለቆ ግን 96 ይደርሳል። ሜካኒካል ፖምፓ ያለው፣ ተርቦ የሌለው ናፍጣ መኪና ይህን ልዩነት የሚያውቅለት ነገር ከሌለው፣ ለቆላ አየር የተመጠነውን ናፍጣ በደጋ ስስ አየር ውስጥ ይረጫል፤ ትርፉ ጥቁር ጭስ ነው። የአዲስ አበባ አቀበቶች ላይ የሚታየው ጥቁር ደመና አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ኮምፒዩተር ያለው መኪና ግፊቱን ለክቶ መጠኑን ያስተካክላል። የግፊት ሴንሰሩ ሲበላሽ ግን ደጋ ላይ ደህና የነበረው መኪና ኮንሶን አልፎ ወደ ወይጦ ሲወርድ ኮድ ሊያወጣ ይችላል።

አዲሶቹ ናፍጣ መኪኖች፣ ለምሳሌ ሃይሉክስ፣ ከዚህ የተለየ ጠባይ አላቸው። ናፍጣውን ከ1,600 ባር በላይ በሚደርስ ግፊት በኢንጀክተር ይረጩታል፤ የኢንጀክተሩ ክፍተቶች በማይክሮን የሚለኩ ናቸው። ከማደያ ርቀው ባሉ የደቡብ ኦሞ አካባቢዎች ደግሞ ነዳጅ በበርሜል፣ በጀሪካንና በፕላስቲክ ጠርሙስ እየዞረ ይሸጣል። ጀሪካኑ ዛሬ ናፍጣ፣ ትናንት ውሃ ይዞ ሊሆን ይችላል፤ ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበትም አይጠፋም። ሃርድቶፑ ይህን ዋጥ አድርጎ ያልፈው ይሆናል፤ ሃይሉክሱ ግን ፊልትሮው ሲዘጋ ፒ0087 ያወጣል፣ የነዳጁ ግፊት ወርዷል ማለት ነው። ከዚያም ሞተሩን ለመጠበቅ ኮምፒዩተሩ ጉልበቱን ይቀንሳል። ከማጎ ሸለቆ ወደ ጂንካ በሚወጣው አቀበት ላይ ይህ ሲደርስ መኪናው እንደ ኤሊ ይንፏቀቃል። ፒ1229 የተባለውን የቶዮታ ኮድ ያዩ ባለሙያዎች ብዙውን ጊዜ የሚጠረጥሩት ፖምፓው ላይ ያለችውን የነዳጅ መቆጣጠሪያ ቫልቭ ነው። ከዚያ በፊት ግን ፊልትሮውን መቀየርና የውሃ ማጣሪያውን ማፍሰስ ይቀድማል፤ በዋጋም አይገናኙም። በዚህ መንገድ የሚነዳ ሾፌር ትርፍ የናፍጣ ፊልትሮና ናፍጣ የሚያጠልልበት ንጹሕ ጨርቅ ከያዘ ትልቁን ችግር ከወዲሁ አቃልሏል።

በቤንዚን መኪኖች ላይ ደግሞ በጀሪካን መቅዳት ሌላ ነገር ያመጣል። ክዳኑ መኪናው ጣሪያ ላይ ተቀምጦ ይረሳል፣ ወይም ላስቲኩ አልቆ ይላላል። የቤንዚኑ ትነት ወደ አየር እንዳይወጣ የሚከታተለው ሥርዓት የተገጠመለት መኪና ይህን እንደ ትልቅ ቀዳዳ ቆጥሮ ፒ0455 ይጽፋል። ባለመኪናው ሞተሩ ያለቀለት መስሎት ሲጨነቅ፣ መፍትሔው ክዳኑን ቀጭ እስኪል ማጥበቅ ወይም ሌላ መግዛት ብቻ ሊሆን ይችላል።

ስካነር የማያስፈልጋቸው መኪኖችም ገና አሉ። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሠሩ ብዙ የቶዮታ መኪኖች ኮፈን ሥር ትንሽ የመመርመሪያ ሳጥን አላቸው። ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ «ቲኢ1» እና «ኢ1» የተባሉት ሁለት ቀዳዳዎች በአንዲት ሽቦ ሲገናኙ፣ ክሩስኮቱ ላይ ያለችው መብራት በብልጭታ ትቆጥራለች። ሁለቴ ብልጭ ብላ፣ ትንፋሽ ወስዳ፣ አምስቴ ብልጭ ካለች 25 ነው፤ ቤንዚን አንሷል። 21 ከሆነ የኦክስጅን ሴንሰሩ ነገር ነው። ሳታቋርጥ በእኩል ምት ከተርገበገበች ምንም ጥፋት አልመዘገበችም። ሽቦው ግን ሌላ ቀዳዳ ውስጥ እንዳይገባ ሳጥኑ ክዳን ላይ የተጻፈውን በጥሞና ማንበብ ይገባል።

ለአዲሶቹ መኪኖች ከመሪው ሥር 16 ቀዳዳ ያለው መሰኪያ አለ። ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኙ ርካሽ መሣሪያዎች ስለበዙ ኮድ ማንበብ የጋራዥ ብቻ ምሥጢር መሆኑ ቀርቷል። መሣሪያው ከኮዱ ጋር ሌላ ዋጋ ያለው ነገር ያሳያል፤ ጥፋቱ በተመዘገበባት ቅጽበት የነበረውን የሞተር ዙር፣ ሙቀት፣ ፍጥነትና ጭነት። መኪናው ያኔ አቀበት ላይ ነበር ወይስ ቆሞ? ቀዝቃዛ ነበር ወይስ ሞቆ? ለመካኒክ ይህ ግማሽ መልስ ነው። ኮዱ ሲደመሰስ ግን መረጃው አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ከማጥፋት በፊት የስክሪኑን ፎቶ ማንሳት ልማድ ቢሆን ይበጃል። «ኮምፒዩተር አስደርጌ አጠፋሁት» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ያጠፋው ችግሩን ሳይሆን የችግሩን ማስረጃ ነው።

መብራቷን ማታለል የትንሽ ጋራዥ ሥራ ብቻ እንዳልሆነ ዓለም በመስከረም 2015 (እ.ኤ.አ.) አይቷል። ፎልክስዋገን በ11 ሚሊዮን ገደማ ናፍጣ መኪኖቹ ላይ፣ በምርመራ ላይ መሆናቸውን ሲያውቁ ጭሳቸውን የሚያጸዱ፣ መንገድ ላይ ሲወጡ የሚለቁ ፕሮግራሞችን ጭኖ ተገኘ። ነገሩ የተደረሰበት የዌስት ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መለኪያውን መኪናው ላይ ጭነው በእውነተኛ መንገድ በመንዳታቸው ነው። እነዚያ መኪኖች ላይ መብራቷ አልበራችም፤ የምትጠይቀው ኮምፒዩተር ራሱ ዋሾ ነበርና።

ኢትዮጵያ የመኪና ጭስን ጉዳይ በሌላ በኩል ይዛዋለች። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ዕድሜያቸው በገፋ ያገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። ኤሌክትሪክ መኪና ማርሚታም ካታላይዘርም የለውም። ነገር ግን እገዳው ቀድሞ የገባውን አይመልስም፤ ዛሬ በአገሪቱ መንገዶች ላይ ያሉት ቤንዚንና ናፍጣ መኪኖች ገና ለብዙ ዓመታት ይነዳሉ፣ መለዋወጫው ሲወደድም ጥገናቸው ይበልጥ ይፈለጋል። ዓመታዊው የቦሎ ምርመራ ፍሬንና መብራት ሲያይ ከመሪው ሥር ያለውን መሰኪያም አብሮ ቢጠይቅ፣ የተቆረጡት ካታላይዘሮች ስንት እንደሆኑ አገር ያውቅ ነበር።

ያገለገለ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰውም ከዚሁ መሰኪያ ብዙ ሊያገኝ ይችላል። ኮድ ሲደመሰስ ወይም ባትሪ ሲነቀል ኮምፒዩተሩ የራሱን ምርመራዎች ሁሉ «አልተጠናቀቀም» ብሎ ከዜሮ ይጀምራል። ምርመራዎቹ የሚጠናቀቁት መኪናው ቀዝቅዞ ተነስቶ፣ ሞቆ፣ በተለያየ ፍጥነት ለቀናት ሲነዳ ነው። ሻጩ «ምንም ኮድ የለውም» ብሎ ሲያሳይ ስካነሩ ላይ ያልተጠናቀቁ ምርመራዎች ከተደረደሩ፣ ኮዱ የጠፋው ትናንት ወይም ዛሬ ጠዋት ሊሆን ይችላል። በእውነት የተጠገነ መኪና እንዲህ አይደለም። ጥፋቱ ሳይደገም ሦስት ጉዞ ካለፈ መብራቷ በራሷ ትጠፋለች፤ ኮዱም ሞተሩ 40 ጊዜ ያህል ሞቆ ሲቀዘቅዝ ከማኅደሩ ይፋቃል። ከ2010 (እ.ኤ.አ.) ገደማ ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ መኪኖች ደግሞ ባትሪ በመንቀልም በስካነርም የማይደመሰስ ቋሚ ኮድ ይይዛሉ። እሱ የሚወጣው ኮምፒዩተሩ ራሱ መርምሮ ብልሽቱ መወገዱን ሲያረጋግጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ገዢው ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት መኪናውን በጠዋት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ እንዲያሳዩት ይጠይቅ፤ ቁልፉ ሲከፈትም ቢጫዋ መብራት ለአፍታ መብራቷን ያረጋግጥ። ያኔ ጨርሶ ካልበራች አምፖሏ ተነቅሏል ወይም ተሸፍኗል ማለት ሊሆን ይችላል፤ የቀረውን ስካነሩ ይነግረዋል።